ሆድ ሲብስ የሚዋጥ ኪኒን

«ሲስተር፣ ሆድ ሲብስ የሚዋጠው ኪኒን የቱ ነው?» አለችኝ ዛሬ ጠዋት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ።

አሰላ ውስጥ የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። ይህች ልጅ በየጊዜው ሆዷን ይዛ ትመጣለች። ሰገራዋ ታይቷል፣ የትል መድኃኒት ወስዳለች፣ የተገኘባት ነገር የለም። መምህሯ «ትምህርት ጠልታ ነው» ትላለች።

(እውነት ለመናገር ብዙዎቹን ልጆች ሆዳቸውን የሚያማቸው ሒሳብ ሲደርስ ነው። እንደዚህ ሰዓት የሚያከብር በሽታ አላየሁም።)

ዛሬ ደግሞ ደክሞኛል። እንደ ልማዴ ሆዷን ነካክቼ፣ ሙቀቷን ለክቼ ወደ ክፍሏ ልመልሳት ስል ነው የጠየቀችኝ።

«ሆድ ባሰሽ ያለሽ ማነው?»

«አክስቴ። እማዬ ዐረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ሁሌ ‹ሆድ አይባስሽ› ትለኛለች። እየባሰኝ ነው ግን።»

ልጅቷ አክስቷ ጋ ለመኖር ከጢቾ የመጣች ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ የአክስቷን አማርኛ ቃል በቃል ወስዳው ሆዷ ውስጥ በሽታ ያለባት መስሏታል።

ተሳስተሻል ልላት አልኩና ተውኩት። ምኑን ተሳሳተች?

የመድኃኒት መደርደሪያዬን አየሁት። ለዚህ የሚሆን የለም። አጠገቤ አስቀመጥኳትና በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ስለ እናቷ ጠየቅኳት። ደወል እስኪደወል አወራችኝ።

ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «ነገም ያመኛል?» አለችኝ።

«ባያምሽም ነይ» አልኳት።

እናንተስ፣ ልጅ ሆናችሁ «ሆዴን!» ስትሉ የምር ያመማችሁ ምን ነበር?