በለቀማው ወራት ከአራት ልጆች ጋር

ባለቤቴ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ያገኘች ዓመት፣ ለቀማው ሲጀመር ልብሷን በትንሽ ሻንጣ ከትታ ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው ኮንጋ ሄደች። እኔ ዲላ ከአራት ልጆች ጋር ቀረሁ። ሥራዋ ማድረቂያው ላይ የተሰጣውን ቡና መቆጣጠር ነው። እሸቱ በሚገባበት ወራት ደግሞ ከዚያ ንቅንቅ ማለት አይቻልም። ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ዝናብ ሲያስገመግም ይሸፈናል፣ ሲመሽ ይሸፈናል፣ ሲነጋ ተገልጦ ይገላበጣል። «እንደ ሕፃን ልጅ እኮ ነው» አለችኝ አንድ ቀን በስልክ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ፣ ትንሹን ልጃችንን ታቅፌ፣ የሦስተኛዋን ካልሲ ከአልጋ ሥር እየፈለግኩ ነበር።

አስተማሪ ነኝ። አንድ ክፍል ሙሉ የሰው ልጅ በዓይኔ ብቻ ዝም አሰኛለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን አራት ልጆችን በሰዓቱ ጫማ ማስደረግ አቅቶኝ ነበር። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ሳይነገራት የሚገባት ልጅ። ሁለተኛው አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ «ለምን?» ሳይል ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሦስተኛዋ መዋዕለ ሕፃናት የጀመረችው በዚያው ዓመት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ታለቅሳለች። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው። እሱ ከእናቱ በቀር ማንንም አይፈልግም። ገንፎ ስሰጠው «እማዬ ትስጠኝ» ይላል። ሳጥበው «እማዬ ትጠበኝ» ይላል። መኝታው ላይ ሳስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የእናቱን ሹራብ ያቅፋል። ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ግን ቀኑን ሙሉ «አንተን አይደለም» ሲባል የዋለ ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ ውስጡ ቅር ይለዋል።

ዝናቡ በዚያ ዓመት አልቆረጠም ነበር። ዩኒፎርም አይደርቅም፤ እርጥቡን በካውያ እያደረቅኩ አለብሳቸዋለሁ። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ጎህ ሲቀድ ቧንቧው ሲንፏፏ ከሰማሁ ተነሥቼ ጀሪካኖቹን እደረድራለሁ። ከዚያ ቁርስ ነው፣ ከዚያ የሴቶቹ ፀጉር ነው። ፀጉር መሥራት አልችልም። ሁለት ቦታ ከፍዬ በላስቲክ አስርላቸዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ተፈትቶ ይመጣል። ቀይ ጭቃው ከጫማቸው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ አንሶላው ይሻገራል። ጠርጌ ቀና ስል ደግሞ ያው ነው።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ባይኖሩ ምን እንደምሆን አላውቅም። በዕድሜ የገፉ የጌዴኦ ሴት ናቸው። እኔ ሳስተምር ትንሹን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የተማሩት፣ ወንድ ልጁንም ሴት ልጁንም እንደ ሴት ይጠሩታል። ልጁን ልወስድ ስሄድ «ዛሬ በልታለች፣ ተኝታለች፣ እናቷንም ጠርታለች» ይሉኛል። ስለ ልጄ ነው የሚያወሩት።

ባለቤቴ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውላለች። «እንዴት ናችሁ?» ትላለች። «ደህና ነን» እላለሁ። ምን ልበላት? እሷም ቆማ ነው የምትውለው።

አንድ ቅዳሜ አራቱም ቤት ዋሉ። ለምሳ ቦሎቄ ልቀቅል ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ስለቅም ሦስተኛዋ ከሽንት ቤት ጠራችኝና ተነሣሁ። ስመለስ ትንሹ ሰፌዱ አጠገብ ተቀምጦ አፍንጫውን ያሻል።

«አባዬ፣ ቦሎቄ አፍንጫው ውስጥ ከተተ» አለ ሁለተኛው፣ እንደ ዜና።

«አየኸው?»

«አዎ። ሁለት ሊከት ነበር፣ አንዱ ወደቀበት።»

ልጁን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ። ነጭ ነገር ከውስጥ ብልጭ አለ። በጣቴ ልነካው ስል ጮኸና ወደ ውስጥ ሳበው። ጩኸቱን ሰምተው እማማ ከአጥሩ ማዶ መጡ።

«ምን ሆነች?»

«ቦሎቄ አፍንጫው ውስጥ ገባ፣ እማማ።»

«አትንካ! ቦሎቄ ውሃ ካገኘ ያብጣል። ቶሎ ውሰዳት።»

ሦስቱን እሳቸው ጋ ልተው ብዬ ነበር። ሦስተኛዋ ግን እንደ ጠዋቱ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ያዘች፣ ሁለተኛው ቦሎቄው ሲወጣ ካላየሁ አለ፣ ትልቋ ምንም ሳትናገር ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። በአንድ ባጃጅ ታጭቀን፣ ዝናቡ ከጎን እየገባብን ጤና ጣቢያ ደረስን።

ጠና ያለች ነርስ ተቀበለችን። ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጆቹን ያዝኩ፤ እሷ በባትሪ አየች። በዚህ መሃል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የምሳ ሰዓት ነው። እጄን ማንሳት አልቻልኩም። ትልቋ ቀስ ብላ ከኪሴ አወጣችውና ወደ ኮሪደሩ ዘወር አለች።

«አቤት እማዬ … ደህና ነን … አባዬ? ቦሎቄ እየቀቀለ ነው … አይ፣ ታናሼ ነው የሚጮኸው፣ እየተጫወተ ነው … እሺ፣ ቻው።»

ስልኩን መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛው «እኔ መቼ ጮኽኩ?» ሊል አፉን ሲከፍት በክርኗ ነካችው።

ነርሷ ባትሪውን አጠፋች። «ቅርብ ነው። በመቆንጠጫ ብነካው ግን ወደ ውስጥ ይገባል። እናቱስ?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«እንግዲያው አንተ ታደርገዋለህ። አፍህን አፉ ላይ ግጠም። እኔ ባዶውን አፍንጫ በጣቴ እደፍናለሁ። አንዴ በኃይል እፍ በል፣ ቦሎቄውን ትንፋሽህ ይገፋዋል።»

ፊቴን ሳስጠጋ ልጁ ከንፈሩን ግጥም አደረገ። «እማዬ ትምጣ!» አለ በጥርሱ መሃል። ደገምኩ፣ ፊቱን አዞረ። ቁጣ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ ቁጣውም ደከመኝና አየሁት። ፊቱ በእንባና በንፍጥ ርሷል፣ ሽፋሽፍቱ ተጣብቋል።

«እኔም እማዬ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር» አልኩት። «በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሩቅ ናት፣ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

መጀመሪያ ስነፋ ምንም አልሆነም። «በኃይል!» አለች ነርሷ። በድጋሚ ስነፋ ቦሎቄው ከነንፍጡ ተፈናጥሮ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው በጭብጨባ ጤና ጣቢያውን አናወጠው። ትንሹ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገና «እንደገና!» አለኝ። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እኔ ሸሚዜን የምጠርግ መስዬ አቀረቀርኩ።

ቤት ስንደርስ ዳቦ በሻይ ሰጠኋቸው። ትናንሾቹ ሲተኙ ትልቋ የረጠበውን ልብሳቸውን ወንበር ላይ ስታሰጣ አገኘኋት።

«እማዬን ለምንድን ነው እንደዚያ ያልሻት?»

«አንተ እንደዚያ ነው የምትላት።» እጇን አላቆመችም። «እንዳትጨነቅ ነው፣ አይደል?»

ዓይኗ ሥር ጠዋት ጠዋት ስላጭ መስተዋቱ ውስጥ የማየው ዓይነት ድካም ነበር። ገና ሦስተኛ ክፍል ናት። ልብሱን ከእጇ ተቀበልኳት።

«ከእንግዲህ ደህና ካልሆንን፣ ደህና አይደለንም በያት» አልኳት።

ቃሌን እንዲህ ቶሎ ሥራ ላይ ታውለዋለች አላልኩም። እሑድ ስልኩ ሲጮኽ ቀድማኝ አነሣችው። «ደህና አይደለንም፣ እማዬ» ብላ ጀመረች። ቦሎቄውን ነገረቻት። እህቷ በየቀኑ እንደምታለቅስ፣ ፀጉራቸው ሳይሠራ እንደሚሄዱ፣ ካልሲ እንደጠፋ፣ እኔ ደብተር ሳርም ቁጭ ብዬ እንደምተኛ ነገረቻት። ከዚያ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «አንተን አቅርቢልኝ ብላለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ባለቤቴ።

«ቡናውን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው።»

ከኋላዋ ማድረቂያው ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ደክሞኛል» አልኳት። ከሄደች ጀምሮ ይህን ቃል ለማንም አላወጣሁትም ነበር።

«እኔም» አለች። «እግሬ አብጧል። ማታ ማታ የትንሹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ።»

ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተራ ገብታ እሑድ እሑድ ለመምጣት ተስማማች። ለቀማው እስኪያልቅ ገና ብዙ ይቀር ነበር፤ ጭቃውም፣ እርጥቡ ዩኒፎርምም አልቀረልንም። የመጀመሪያው እሑድ ግን ከይርጋጨፌ በሚመጣው ሚኒባስ ደረሰች። ልብሷ የቡና ገለባ ይሸታል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋች፣ አራቱም ላይዋ ወጡባት። እማማ የላኩልኝን ምሳ ይዤ ደጃፉ ላይ ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም። ከሄደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግቤን ትኩስ እያለ በላሁ።