ቃሬዛ የሠራንበት ዓመት

ባለፈው ሰሞን በር ላሠራ አንድ እንጨት ቤት ገባሁና አናጢው ዋንዛ ሲሰነጥቅ ደረስሁ። ያ እርጥብ የዋንዛ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የመጣሁበትን ረሳሁት። ሰውየው «ቁመቱ ስንት ይሁን?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ነበርሁ፤ አሥረኛ ክፍል፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ካለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ።

ከኤርትራ ጋር ጦርነት የተነሳበት ጊዜ ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሲያርፍ አጎቴ ወስደውኝ ፍኖተ ሰላም እሳቸው ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። አጎቴ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ። ኋላ ለደረሰብኝ ነገር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

በትምህርት ቤቱ ክበብ የሌለው ተማሪ አልነበረም። ሴቶቹ ልብስ ስፌት ነበሩ፤ እንጨት ሥራው የእኛ የወንዶቹ ነበር። የተሰበረ ዴስክ እንጠግናለን፣ በርጩማ እንሠራለን። የዋንዛ ግንድ የሚቆርጠውን፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበውን ትልቁን መጋዝ የምንይዘው እኔና አንድ ጓደኛዬ ነበርን። ጓደኛዬ ከሁላችንም ረጅም ነው። ለእናቱ አንድ ነው፤ ገበያ ላይ ጌሾ እየሸጡ ነው ያሳደጉት። እሱ ሲስብ እኔ እለቃለሁ፣ እኔ ስስብ እሱ ይለቃል። ቃል ሳንለዋወጥ እንግባባ ነበር።

አንድ ቀን የእጅ ሥራ መምህራችን መጡና «ዴስኩ ይቆየን። ከዛሬ ጀምሮ ቃሬዛ ነው የምንሠራው» አሉ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከባሕር ዛፍ አጣና ላይ ልጡን እየገፈፍን፣ መሐሉ ላይ ጆንያ እየወጠርን እንሠራ ጀመር። ይችል እንደሆነ ለመሞከር ጓደኛዬን አስተኝተነው ሜዳውን እናዞረዋለን። «ቀስ በሉ እንጂ፣ ቁስለኛ እኮ ነኝ!» እያለ ያስቀን ነበር።

ወሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከገበያ ወጣት እየታፈሰ ነው ተባለ። ለስፖርት ብሎ ቁመታችንን የለካን መምህር ሳይቀር ተጠረጠረ። አንዳንዱ ልጅ ገበዘ ማርያም፣ አንዳንዱ ፈረስ ቤት ዘመድ ቤት ሊደበቅ ሲያስብ ዳሱ ውስጥ ያወራል። እኔም እሰማለሁ።

አንድ ሰኞ ጓደኛዬ አርፍዶ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል። «ከቀበሌ ጠርተውኛል። ልሄድ ነው» አለ።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ፊት ለፊት የሚናገረኝ የለም፤ የእኛ አገር ሰው ነገሩን በሰም ጠቅልሎ ነው የሚወረውርብህ። አንዱ ልጅ ሳንቃ አንስቶ «ይች እንጨት ውስጧን ምስጥ በልቷታል» አለ። መምህራችን ተቀብለው አገላበጧት፣ በጣታቸው ቆረቆሯት።

«የቱ ጋ? ደህና አይደለች እንዴ?»

«እርስዎ ምን ያርጉ፣ የኔታ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው» አለ ልጁ። ልጆቹ ሳቁ። ጓደኛዬ አልሳቀም፤ ግን አንገቱን ደፋ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። መጋዙንም ከእኔ ጋር መያዝ ተወ። ብቻዬን ቆሜ ሲያዩኝ መምህራችን ኮታቸውን አወለቁና «በል ሳብ» ብለው ሌላውን ጫፍ ያዙልኝ።

ዘማቾቹ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። መኪናው አጠገብ የጓደኛዬ እናት መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እኔ ከሰው ጀርባ ቆሜያለሁ። ጓደኛዬ አየኝ፤ ሰዉን ገፍቶ መጣና አንገቴን አቀፈኝ።

«አንተ አይደለህም» አለኝ በጆሮዬ። «አውቃለሁ።»

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። እንዴት አወቀ?

ወደ ቤት ስመለስ አጎቴ ደጅ ተቀምጠው ነበር። «ጋሸ፣ ጓደኛዬን ማን ነው የጠቆመው?» አልኋቸው።

ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ማንም። በገዛ እግሩ ነው የመጣ። ‹አንድ ለእናትህ ነህ፣ ተመለስ› ብየዋለሁ፤ ሁለቴ መልሸዋለሁ። በሦስተኛው ለመነኝ። ‹ወድጄ መሄዴን እናቴ እንዳትሰማ፤ ቀበሌ ወሰደው ትበል› አለኝ።»

«እኔንስ ሲሉኝ?»

«እኔንም ይሉኛል፣ ልጄ። ምን ላርግ? ቃል ሰጥቸዋለሁ።»

ተናደድሁበት፣ አልዋሽህም። ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ ከልጆቹ ፊት አንዲት ቃል ቢናገርልኝ ይበቃኝ ነበር። ለምን ወድዶ እንደሄደም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲመለስ ተጣልቼው፣ ከዚያ ታርቄው፣ ልጠይቀው ነበር ሐሳቤ።

አልተመለሰም።

መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት የገባሁት እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር። ስገባ የክበባችን ልጆች አግዳሚው ላይ ቦታ እያለ ጠጋ አላሉልኝም። ቆሜ አፌን ልከፍት ስል እናቱ ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ።

«ልጄ ጥሎኝ የሚሄድ አልነበረም! ወሰዱብኝ እንጂ! ልጄ እኔን ጥሎ አይሄድም ነበር!»

አፌን ዘጋሁ። ከዚህች እናት እጅ ላይ የቀረችውን ይችን አንዲት ነገር እንዴት ልንጠቃት? ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ለቀስተኛው እስኪበተንም አልተነሳሁም።

አጎቴም ሳይናገሩ ሞቱ። አሁን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አንተም ሰማህ፣ በአንተው ይቅር። ዓምና ለዘመድ ተዝካር ፍኖተ ሰላም ሄጄ የጓደኛዬን እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከመንገዱ ወረድ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አልሁ።

ለዩኝ። ምርኩዛቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩና ፊታቸውን አዙረው አለፉ። እስኪርቁ ድረስ ቀና አላልሁም።