ብትነካት ይሻለኝ ነበር

ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ቡሬ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም እወድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል፤ እጁን ይዤ ከከተማው ወጣ እያልን በበቆሎው ማሳ ዳር እንሄዳለን። ድምፁን ሳልሰማ ውዬ አላድርም። ሊስመኝ ሲጠጋ ግን ሰውነቴ ዝም ይላል። አልጠላውም፣ አልፈራውም፤ ብቻ አያምረኝም። ማንንም ተመኝቼ አላውቅም። እሱ ጨዋነት ይመስለው ነበር፤ እኔም ራሴ እንደዚያው።

አብራኝ የተከራየችው መምህርት ግን "ገላውን ካልተመኘሽ ወንድምሽ ነው እንጂ ፍቅረኛሽ አይደለም" ትለኝ ነበር። ሳላምናት አልቀረሁም።

አንድ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ናፍቆኝ ሳልነግረው ቡሬ ሄድኩ። ጭማቂ ቤት ውስጥ፣ አዲስ ከተመደበች የሥራ ባልደረባው ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል። አባቱ በሞቱ ጊዜ የሆነውን፣ ላንቺ ብቻ ነው ብሎ የነገረኝን፣ ለእሷ እየነገራት ነበር። እሷ እንባዋን ትጠርጋለች። ልወጣ ስዞር ወንበር ገጨሁ።

ዞር ብሎ ሲያየኝ ደንግጦ ተከትሎኝ ወጣ።

"እናቴ ትሙት፣ ነክቻት አላውቅም!"

"ብትነካት ይሻለኝ ነበር" አልኩት። "የአባትህን ነገር ለምን ነገርሃት?"

ግራ ገብቶት አየኝ። ቀስ ብሎ "እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ተመኝተሽኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አላውቅም። ካንተ ሌላ ሰው ወድጄም አላውቅም።"

"ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።"

"ለእኔ ለየቅል ናቸው።" ይህን ስል ነው እኔም ገና የገባኝ።

ጥቂት ወራት ታገልን። እሱ በሙሉ ገላዋ የምትፈልገው ሚስት ፈለገ፤ አልፈርድበትም። ያችኑ የሥራ ባልደረባውን አገባ። ሠርጉ ላይ ሄድኩ። ሚዜዎቹ ስለ ጫጉላው ሲቀልዱ ምንም አልተሰማኝም። በምሳው መሀል ግን ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ሲላት የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ቃል ለመስማት ስንት ነገር በሰጠሁ!

አሁን ደምበጫ ተዛውሬያለሁ። ዘንድሮ አንድ መልካም ሰው ሽማግሌ ልላክ ብሎ ጠየቀኝ። "ልወድህ እችል ይሆናል፤ ገላህን ግን የምመኝ አይመስለኝም" አልኩት። "እስቲ ላስብበት" አለ። እያሰበ ነው።