የጋሼ ጌታሁን ግንብ

ጫማ ሰፊው የማስቲሽ ቆርቆሮውን ሲከፍት አጎቴ ጋሼ ጌታሁን ትዝ አሉኝ። ያ ሽታ ከእሳቸው ሌላ ማንንም አያስታውሰኝም።

ልጆች ሳለን ከውጭ አገር የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ ተላከላቸው። ካርቶኑ ላይ እንዳለው ሥዕል ግንብ እንድንሠራላቸው ለእኔና ለእህቴ ለሐዊ ሰጡን። እኛ ግን ግንብ የት አይተን? የምናውቀው በአጨዳ ወቅት አሰላን አቋርጦ ወደ በቆጂ የሚወጣውን ኮምባይነር ነበር፤ እሱን ሠራን። ማጨጃው ሳይቀር ይሽከረከራል። ሐዊ የጎረቤት ልጆችም በባዶ የክብሪት ቀፎ እንዲሠሩት አገጣጠሙን ወረቀት ላይ ሥላ ሰጠቻቸው።

ጋሼ መጥተው አዩት። «ፈረንጅ አስቦ የጨረሰውን እናንተ ልታርሙት ነው?» አሉ። ያረምነው ነገር ስላልነበረ አልገባንም። ኮምባይነሩን አፈራርሰው እንደ ሥዕሉ ገጠሙት፤ እያንዳንዷን ጡብ ማስቲሽ ቀብተው ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፈው አስቀመጡት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎንደርን ራሳቸው የገነቡ ይመስል ያስጎበኙታል።

ሐዊ ዛሬ ከልጆቿ ጡብ የምትፈጥረውን ሁሉ ከነአገጣጠሙ ቴሌግራም ላይ ትለቃለች። ኮምባይነሯን ጎበሳ ከተማ የሚኖር አንድ ልጅ ሠርቶ ፎቶውን ላከላት። ባለፈው እሑድ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«የማን ሥራ ነው?» አሉኝ።

«የፈረንጅ» አልኳቸው።

«ያስታውቃል» አሉ።