ከአጥር የተረፈው ቀለም

ባለፈው ሳምንት አያት አካባቢ አንድ ጋራዥ ገብቼ እንደ ልጅነቴ ተናድጄ ወጣሁ። መኪናዬ ቁልፉን ሳዞረው «ጠቅ» ይልና ዝም ይላል። መካኒኩ የልጄ እኩያ ነው። አንድ ማሽን ሰክቶ ስክሪኑን አየና «ባትሪ ነው ማዘር፣ ይቀየር» አለኝ። ባትሪው ገና ወር አልሞላውም። «ከባትሪው ወጥቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ንካው እስቲ፣ ይሞቃል» አልኩት። ፈገግ ብሎ አልፎኝ፣ አብሮኝ ለመጣው ወንድሜ ስለ ባትሪ ያስረዳው ጀመር። ወንድሜ በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም! ደሜ ፈላ። የተናደድኩት ግን በዚያ ልጅ ብቻ አልነበረም። ሽቦውን ያልነካ ሰው ሲደመጥ፣ የነካችው ችላ ስትባል ሳይ ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ቀበና ዳገቱ ላይ ነበር ቤታችን። አባባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከአብዮቱ በፊት አገሩ ከሚገባ ጣሊያናዊ የገዛት ወተት የምትመስል ትንሽ መኪና ነበረችን፤ ሁለት በር ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከፊት ኮፈን ሥር። መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር አባባ ሁሉንም በገዛ እጁ ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት የማዳበሪያ ጆንያ ግቢው ውስጥ ያነጥፍና የፈታውን ዕቃ በፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድራል። ያን ጆንያ የረገጠ ወየውለት! ካንዴላውን በቤንዚን ዘፍዝፎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል፣ እሳት የሚቆርጠውን ፑንቲና በክብሪት ቀፎ ጎን ይሞርዳል። እኔ ከአጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «አሥር ቁጥር መፍቻ»፣ «ካቻቢቴ» ሲለኝ አቀብላለሁ። የቤንዚን ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ የአባባ ሸሚዝ እጅጌ ነው የሚታየኝ።

አንድ ዓመት ለአብዮት በዓል የሰፈሩ ሰው ሁሉ አጥሩን እንዲቀባ ታዘዘ። የእኛ ቆርቆሮ አረንጓዴ ተቀባ፣ ቀለምም ተረፈ። አባባ ደግሞ የተረፈ ነገር መጣል አይችልም። የመኪናዋ የፊት ኮፈን ውስጡ ዝገት ጀማምሮት ስለነበር ባትሪውን አውጥቶ፣ ሽቦውን ፈትቶ፣ ያን ሁሉ ቀለም ደራርቦ ቀባው። ሲደርቅ ሁሉንም መልሶ አሰረ። እንዴት አምሮ ነበር!

ከዚያ በኋላ መኪናዋ በቁልፍ አልነሳም አለች። የሰፈራችን መካኒክ ጋሽ ታምሩ መጥቶ አያትና «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ፈረደ። አዲስ ባትሪ ከየት ይምጣ? እናም አባባ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ማቆም ጀመረ። ከፊት ጎማዋ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ ይደረጋል። ጠዋት አባባ ገብቶ «አንሺ!» ሲለኝ ድንጋዩን አነሳለሁ፤ መኪናዋ ተንደርድራ ወንዙ ጋ ሳትደርስ ድርድር ብላ ትነሳለች። የድንጋዩ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፣ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር።

የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ እንጦጦ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። እግሯ ላይ የማይድን ቁስል ነበረባት። ያኔ እሑድ እሑድ መኪና የሚነዳው በታርጋ ተራ ነው፣ አንዱን እሑድ ጎዶሎ ቁጥር፣ ሌላውን ሙሉ። ተራችን ሲደርስ ወጥተን እናመጣታለን። ጤና ጣቢያ የምትሠራው እናቴ ቁስሉን አጥባ ታሽግላታለች፣ አብራን ትውላለች፣ ማታ እንመልሳታለን። እትዬ በሁለት ሳምንት አንዴ ሰው የምታየው በዚያች መኪና ነበር።

ታዲያ የቤንዚን ኩፖን በሰፈራችን የሚታደለው በቀበሌ በኩል ነበርና፣ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኩፖን የሚወስድ ሁሉ መኪናው የሚሠራ መሆኑን ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ቀርቦ ያሳይ፣ የሚነሳውም በቁልፍ ይሁን ይላል። የቀበሌው ግቢ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው።

ያን ሳምንት አባባ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ኮፈን ከፍቶ ያጎነብሳል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መጥቼ ስደርስ ጋሽ ታምሩ ከአንድ የጭነት መኪና ተውሶ ያመጣውን ደህና ባትሪ አስረው ነበር። አባባ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። እኔ ኮፈኑ ላይ ተደግፌ እጄ ከባትሪው ወጥቶ ቦዲው ላይ የታሰረው ሽቦ ጫፍ ላይ ነበር። ደግሞ ሲያዞረው ጣቴን ለበለበኝ።

«አባባ፣ ይሄ ሽቦ ያቃጥላል!»

ጋሽ ታምሩ ሳቀ። «ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሊሞቅ ነዋ ሚጡ! እጅሽን አንሺ።»

«ሌላው ሽቦ እኮ አይሞቅም፣ ይሄ ጫፉ ብቻ ነው የሚሞቀው።»

አባባ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሂጂ እስቲ፣ ወጥ ቤት እናትሽን አግዢ» አለኝ።

ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ አለቀስኩ፣ እናቴም በሽንኩርቱ መሰላት። የሁለት ዓመት ካቻቢቴ አቀባይ ነኝ፣ የድንጋይ ኃላፊ ነኝ፣ ጣቴ ተለብልቧል፣ መልሱ ወጥ ቤት! እነሱ እስኪመሽ ባትሪውን ሲነካኩ ቆይተው «ቀዝቅዞ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይነሳል» ተባባሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች!

ቅዳሜ አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መኪናዋን እየገፋን ቀበሌው ግቢ አስገባናት። ሰው ከብቦ ቆሟል። ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። አዞረ። ጠቅ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። አባባ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ላብ እያጠመቀው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ቁልቁለት ብቻ ስጡኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ሳያስቀምጥ «አብዮቱ ሽቅብ ነው የሚሄደው ጓድ» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ በስክሪብቶው ስማችን ላይ መስመር ሲያሰምር አየሁ። ያን ስክሪብቶ ሰብሬ ብጥለው ደስ ባለኝ!

ገፍተን ቤት መለስናት። አባባ ኮቱን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እኔ ማንንም አላስፈቀድኩም። ወጥ ቤት ገብቼ ቢላዋ አነሳሁ፣ አሥር ቁጥር መፍቻ ያዝኩ፣ ያቃጠለኝን ሽቦ ፈታሁ። ሥሩ ብረት አልነበረም፣ የአጥራችን አረንጓዴ ቀለም ነበር፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። በንዴት ፋቅሁት። ብረቱ ነጭ ብሎ እስኪወጣ ፋቅሁና መልሼ አሰርኩ። ገብቼ ማርሹን ነፃ አደረግሁና ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ ግቢውን አናወጠችው።

አባባ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። መሬት ላይ የወደቀውን የቀለም ቅርፊት አየ፣ ቀና ብሎ አጥሩን አየ። እኔን አስወርዶ ገባና ወደ ቀበሌው ከነፈ። እንደነገረን ከሆነ በራፉ ላይ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ በቁልፍ አስነሳላቸው፤ «መዝገቡ ተዘግቷል» ብለው መለሱት። ማታ ጋሽ ታምሩ ሲመጣ አባባ «አገኘሁት እኮ! ቀለሙ ነው ለካ ኤሌክትሪኩን የከለከለው» አለው። አገኘሁት! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

የነዳጅ ጋኗ ውስጥ የቀረች ቤንዚን ነበረች። ተራችን በደረሰበት እሑድ በእሷ እንጦጦ ወጣንና ከእንግዲህ በመኪና እንደማንመጣ ለእትዬ ዘነቡ ነገርናት። እትዬ «እግሬን አያችሁልኝ፣ ይበቃኛል» አለች፣ ፊቷን ግን አዞረች። ስንመለስ አባባ ሞተሩን አጠፋና እስከ ቀበና በቁልቁለቱ ብቻ ወረድን፤ ባህር ዛፉ ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ፋሻ በቦርሳ ይዛ ያን ዳገት በእግሯ ትወጣ ጀመር። እትዬ ቤታችንን ደግማ አላየችም። ያን ሐሙስ አንድ ሰው ቢሰማኝ ኖሮ ታይ ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አባባ እስከ ዕለተ ሞቱ ይቅርታ አላለኝም። ብቻ ከዚያች እሑድ በኋላ ሬዲዮው ሲያስቸግር፣ የላምባ ምድጃው ሲያጨስ፣ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ይጠራኝ ነበር። «ነይማ፣ እጅሽን አምጪ» ይለኛል። እነካለሁ፣ እሱ ይጠብቃል። «እሺ፣ ምን አለሽ?» ይላል። የልጅነት ነገር ሆኖ፣ ንዴቴ ስላልበረደልኝ፣ እንዲሁ ዕቃ የሚያስቀብለኝ ይመስለኝ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ በመጨረሻ የዚያን ወጣት መካኒክ እጅ ይዤ ሽቦው ላይ አስቀመጥኩትና ወንድሜን «ቁልፉን አዙረው» አልኩት። ልጁ «ውይ!» ብሎ እጁን ነጠቀ። «ይቅርታ ማዘር» አለ ወዲያው፣ ስልኩ ጠርቶ ስለነበር ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ይቺን ቃል አርባ ዓመት ስጠብቃት ኖሬያለሁ፤ ስትመጣ ግን ባዶ ሆነችብኝ። መኪናው ተሠራ፣ ሌላ ሰው መጣ፣ ልጁም ማሽኑን ይዞ ወደዚያ ሄደ። እንደ አባባ «እጅሽን አምጪ» ያለኝ ግን የለም።