የኩይሳ አፈርና የአባቴ ቀፎ

ጎረቤቶቼ ኩራት እራቷ ነው ይሉኛል። ይበሉ፤ የምኮራበት አለኝ።

ከጋይንት ደጋ ወደ ስማዳ ቆላ ስዳር፣ ንብ አርቢው አባቴ ከነንቡ አንድ ቀፎ ሰጡኝ። «ንብ አክባሪዋን ታውቃለች፤ እንዳታሳፍሪኝ» አሉኝ። ሴት ቀፎ አትነካም በሚባልበት አገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጭስ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

ቀፎውን እንደ አባቴ ቤት በእንጨት ባላ ላይ ሰቀልኩት። ደጋ ላይ ያላየሁት ምስጥ ግን እዚህ ጓሮውን ሞልቶታል፤ አጥሩ ጥግ ቁመቴን የሚያህል ኩይሳ ሠርቷል። ንብም ምስጥም እናት አላቸው፣ ሁለቱም ተባብረው ያድራሉ። ንብ ግን በጠራራ ፀሐይ ወጥታ አበባ ትቀስማለች፤ ከተቆጣችም ፊት ለፊት ትነድፋለች። ምስጥ ብርሃን አይወድም። በጭቃ መሸፈኛው ውስጥ ተደብቆ ይመጣና እንጨቱን ከውጭ ደህና አስመስሎ ውስጡን ይበላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንድ የክረምት ቀን ባላው ተሰበረና ቀፎዬ ወደቀ።

ንቦቹ ወጥተው ጓሮው ውስጥ ካለ የዋንዛ ዛፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ባሌ «ቀፎውን ለአባትሽ መልሺላቸው፤ ይህ የምስጥ አገር ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «አባቴ ፊት በባዶ ቀፎ አልቆምም!» ብዬ ዶማ አነሳሁ። ኩይሳውን ናድኩና አፈሩን አቦካሁት። ድንጋይ እየደረደርኩ፣ በዚያው ጭቃ እየመረግሁ፣ አንድም እንጨት የሌለበት መደብ ሠራሁ። ባሌም ዝም ብሎ ማየቱ አሳፈረው መሰል፣ ድንጋይ ያቀብለኝ ጀመር። ማምሻውን ቀፎውን በወይራ ጭስ አጥኜ መደቡ ላይ አስቀመጥኩና ንቦቹን አራግፌ አስገባኋቸው። ፈርቼ ነበር፤ ጠዋት ግን ሥራቸውን ይዘው አገኘኋቸው። የኩይሳው ጭቃ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ምስጥ ዛሬም አጥሬን ይበላል፤ መደቤን ግን ትቶታል።

አሁን ንቦቹ ተባዝተው መደቡ ላይ ቀፎዎች ተደርድረዋል። ዘንድሮ አባቴ ስልክ ደወሉ። ደጋው ላይ አረም ማጥፊያ በተረጨ ጊዜ ንቦቻቸው አልቀዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንድ ቀፎ ንብ ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ። ለንቦቹ አዘንኩ፤ እኔን መጠየቃቸው ግን ደረቴን ነፋው።

ራሳቸው አህያ እየነዱ መጡ። መደቡን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩት፤ በምን እንደተሠራ ነገርኳቸው። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አሉ።

በንብ በጣም የሞላውን ቀፎ መርጬ አህያው ላይ አስጫንኩላቸው። ሊሄዱ ሲሉ የአህያውን ገመድ ይዤ አስቆምኳቸው።

«አባባ፣ ንብ አክባሪዋን ታውቃለች፤ እንዳያሳፍሩኝ» አልኳቸው።