የጎረቤቴን መደብ ያረምኩ ዕለት

ይህ የሆነበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። ዓመቱንም ቢሆን ልጄ ካቻምና ነው ትላለች፤ እኔ ግን ከዚያም የራቀ ይመስለኛል። የማስታውሰው ፍልሰታ መግባቱን ነው፤ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ነበር ወደ ጓሮው የወረድኩት። ቀኑ ቢጠፋኝም ነገሩ አልጠፋኝም። ዛሬም መንገድ ላይ ትል ካየሁ እግሬ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እኔ የቡሬ ገበሬ ነበርኩ። በርበሬና በቆሎ ሳመርት ነው የኖርኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ትዕግስት ስፖንሰር አድርጋ ወደ ቶሮንቶ አመጣችኝ። የምንኖረው ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ወደ ሸለቆው ወርጄ በወንዙ ዳር እሄዳለሁ። ስመለስ ከቢልዲንጉ ኋላ ያለው የጋራ ጓሮ እገባለሁ። እዚያ ለተመዘገበ ሰው አንድ አንድ መደብ ይሰጣል። በእኔው መደብ ላይ ቃሪያና ጎመን ተክያለሁ።

ከእኔ አጠገብ ያለው መደብ ግን ባየሁት ቁጥር እጄን ያሳክከኝ ነበር። በአንድ በኩል ቲማቲም አለ። በሌላው በኩል ደረቴ ድረስ የሚደርስ አረም ቆሟል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያፈሳል። በእኛ አገር እንዲህ ወተት የሚያወጣ ተክል፣ ቅንጭቡም ቁልቋሉም፣ ዓይን ያጠፋል። አንድ በሬዬ አንድ ዓይኑን ያጣው በቅንጭብ ወተት ነው። በዚህ ጓሮ ደግሞ ሕፃናት ሲሯሯጡ ይውላሉ።

የመደቡን ባለቤት በቅርብ አላውቃቸውም። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ጎንበስ ብለው ሲቆዩ ከሩቅ አያለሁ። የየት አገር ሰው እንደሆኑ አልለየሁም። ሁለት ቅዳሜ አከታትለው ሲቀሩ ታመው ይሆናል አልኩ። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሲታመም ማሳው አረም እስኪውጠው አይጠበቅም፤ ሰው ተጠራርቶ ያርምለታል። እዚህ የምጠራው ሰው ስለሌለኝ ብቻዬን ላርምላቸው ወሰንኩ።

እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ጀመርኩ። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ አንዱን ለመንቀል ሁለት ጊዜ ማረፍ ያስፈልግ ነበር። እየነቀልኩ ከመተላለፊያው ዳር ከመርኩት። ከቅጠሉ ሥር ትሎች አየሁ። ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተሰመረባቸው፣ ትልልቆቹ የትንሽ ጣቴን ቁመት የሚያህሉ ናቸው። ይሄማ የባሰ ነው አልኩ። ተምች የበላው የበቆሎ ማሳ ያየ ሰው ትል አይምርም። እያራገፍኩ በጫማዬ ረገጥኳቸው። ስድስት ቆጠርኩ። ድሮም ትል ስገድል መቁጠር ልማዴ ነው፤ ቤት ስገባ ለባለቤቴ እነግራት ነበር።

መደቡ ጸዳ። አፈሩን አስተካክዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳልቆይ ሴትዮዋ መጡ። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ደብተር በብብታቸው ይዘዋል። መደቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ምስጋና እየጠበቅኩ ፈገግ አልኩ። ፊታቸው ሳይፈታ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ አንድ ጥፋት እንዳለ ገባኝ። እኔ የማውቃት አንዲት ነገር አለች፤ እሷን አወጣሁ።

«ኖ ኢንግሊሽ።»

ቀረብ ብለው አዩኝና፣ «አማርኛስ ይችላሉ?» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቋንቋ አላውቅም ብዬ የማመልጥበት በር ተዘጋ።

«እችላለሁ፣ እትዬ።»

«ይሄን ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የታመሙ መስሎኝ ነው። አረሙ ዋጠባቸው ብዬ።»

«ዓይኔን ተሠርቼ ነው የቀረሁት» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ደግሞ አረም አይደለም። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

«ይሄን ወተት ያለውን?»

«እሱን። ሞናርክ የምትባል ቢራቢሮ አለች። ከዚህ ቅጠል በቀር የትም እንቁላል አትጥልም። ትሎቿም ሌላ አይበሉም። ከጠወለገ ደግሞ እሱንም አይበሉትም፤ ይሞታሉ።»

ዞር ብዬ ክምሩን አየሁት። ፀሐይ በርትታበታለች፤ የላይኛው ቅጠል መጠቅለል ጀምሯል።

ሴትዮዋ ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሐኪም ጎንበስ እንዳይሉ ከልክሏቸው ነበር። ይህንን ነገሩኝና መልሰው ሊንበረከኩ ቃጡ።

«ይተዉት፤ እኔ ልፈልግ» አልኩ።

«እንግዲያው ዓይንዎን ያበድሩኝ፤ የእኔ ገና አይረባም። ቀስ ብለው። በጣትዎ አይቆንጥጧቸው፣ ከነቅጠላቸው ያንሷቸው።»

ቅጠል በቅጠል ገለበጥኩ። ቀድሞ ሲያራግፋቸው የነበረው እጄ አሁን ከነቅጠላቸው ያነሳቸዋል። ዘጠኝ ተገኙ። አራቱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም።

ሴትዮዋ ደብተራቸውን ገለጡ። «ከመታከሜ በፊት የቆጠርኩት እንቁላል ከዚህ ይበልጣል። የቀሩት የት ሄዱ?»

ወፍ በላቸው ብል ያምኑኝ ነበር።

«ረገጥኳቸው» አልኩ።

«ስንት?»

«ስድስት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቆጥሬያለሁ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። ከዚያ ጻፉ። የጻፉት በአማርኛ ስለነበር አነበብኩት። «ዘጠኝ ትል። ስድስት በሰው ተገድሏል» ይላል። ስሜን አልጠየቁም።

ደብተሩን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ሴትዮዋ እዚህ የመጡት በወጣትነታቸው፣ በሱዳን በኩል ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቢራቢሮ ለሚቆጥሩና ለሚያጠኑ ሰዎች በየዓመቱ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ገልብጠው ይልካሉ። ገጹ በሙሉ በመስመር ተከፍሏል፤ ቀን፣ እንቁላል፣ ትል፣ ቢራቢሮ። ብዙ ቦታ ላይ «ዝናብ። ምንም አልታየም» ይላል።

«ምንም ካልታየ ለምን ይጻፋል?» አልኳቸው።

«ካልጻፍኩትማ፣ ሄጄ ያጣሁ ልሁን፣ ሳልሄድ የቀረሁ ልሁን፣ ማን ያውቃል?»

ይሄ ነገር ገረመኝ። ያላዩትን እንኳ በታማኝነት የሚጽፉ ሴት ናቸው፤ እኔ ደግሞ ያዩትን ነቅዬባቸዋለሁ።

«ቅጠል ከየት ይመጣል አሁን?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«ወንዙ ዳር ሞልቷል። እየሸሸሁት ነው የምሄደው።»

ትንሽ ሳቁ።

ትሎቹን እኔ ወሰድኳቸው። ሴትዮዋ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፉት እንደ ፋኖስ ያለ የመረብ ቤት አላቸው፤ እሱን አምጥተው ሰጡኝ፤ ስልክ ቁጥርም ተለዋወጥን። ትዕግስት ከሥራ ስትገባ በረንዳው ላይ ተሰቅሎ አየችው።

«አባዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ትል ነው።»

«ትል?» ጫማዋንም አላወለቀችም። «ማኔጅመንት ካየ ኖቲስ ነው የሚልክብን እሺ። ቡሬ እያለን ትል ስትገድል አልነበር እንዴ የምትውለው?»

«ነበር።»

«እና አሁን ሪታየር አደረግህ?»

በየማለዳው ቅጠል ማምጣት ጀመርኩ። እጄን ግን አሁንም በፌስታል እጠቀልላለሁ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደ ሸለቆው ስወርድ የመንገዱ ግራና ቀኝ ሙልጭ ብሎ ታጭዷል። አንዲት ቅጠል የለም። ትልልቆቹ ጠግበው መብላት አቁመው ነበር፤ ትንንሾቹ ግን ከትናንቱ የተረፋቸው ግንዱ ብቻ ነው።

ሰብዌይ የሚሉት ባቡር ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር አልፌ፣ ሄጄ ወደማላውቅበት ሄድኩ። ፀሐዩ ወጣ። ጉልበቴ መናገር ጀመረ። የትኛው መንገድ እንዳመጣኝ ጠፋኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው።

«የት ደረሱ?»

«የጠፋሁ መሰለኝ። ቅጠሉም የለም።»

«ወንዙ በየት በኩልዎ ነው?»

«በቀኜ።»

«ሲመለሱ በግራዎ ያድርጉት፤ ቤትዎ ይደርሳሉ። አሁን ግን ቀና ብለው ይዩልኝ። ትልልቅ የመብራት ገመድ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ዳገቱ ላይ።»

«ከሥሩ ይሂዱ። እዚያ ያለውን አያጭዱትም። ስልኩን አይዝጉት፣ አብሬዎት ነኝ።»

ዳገቱን በእጄም በእግሬም ወጣሁት። እሳቸው በስልኩ ውስጥ «ቀስ፣ ቀስ» ይሉኛል። ላይ ስደርስ እንደ ቃሪያ ያበጠ ፍሬ የያዘ ያ ተክል መስኩን ሞልቶታል። ፌስታሌን ረስቼ በባዶ እጄ ቀነጠስኩ። ወተቱ ክንዴ ድረስ ፈሰሰ። ዓይኔን አልነካሁም እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ቤት ስደርስ ከትንንሾቹ ሁለቱ ሞተው አገኘሁ። ሁለቱ ግን ወዲያው ቅጠሉ ላይ ወጡ። ጆሮዬን መረቡ ላይ አድርጌ ሲበሉ ሰማሁ። የትል አፍ ድምፅ እንዲህ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንዱ ትል በኋላ እግሩ ከመረቡ ጣሪያ ተንጠለጠለና ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። በማግስቱ ጀርባው ተሰንጥቆ ቆዳው እንደ ካልሲ ወለቀ። ከውስጡ የወጣው ትል አይደለም። እግር የለው፣ ራስ የለው፤ አረንጓዴ ጠብታ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ወርቅ ነጠብጣብ ተደርድሮበታል። የወርቅ አንጥረኛ ያንን ለመሥራት መነጽሩን አድርጎ ሳምንት ይፈጅበታል። ይህ በጨለማ ቆዳ ውስጥ ሆኖ ያለ እጅ ሠራው። አማተብኩ።

ሰባቱም ተራ በተራ እንዲህ ሆኑ፤ ሁለቱ ጠብታዎች ግን ጠቁረው ሞቱ። አምስቱ ቆዩ።

ፍልሰታ ተፈትቶ ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ አንደኛው እንደ መስታወት ጠርቶ፣ የታጠፈ ብርቱካንማ ክንፍ በውስጡ ታየኝ። ደወልኩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው መጡ፤ ዓይናቸው ድኗል። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ትዕግስት ዕረፍቷ ነበር፤ ለቪዲዮ ስልኳን አንስታ ቆመች። ልባሱ ተከፈተና የተጨማደደ እርጥብ ነገር ወጣ። ክንፉ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነው። እየተንቀጠቀጠ፣ እየተንቀጠቀጠ ተዘረጋ። ትዕግስት ስልኩን በእጇ እንደያዘች ሳትቀርጽ ቀረች።

«ይሄ አሁን ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ሜክሲኮ። ክረምቱን እዚያ ተራራ ላይ፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያሳልፋል።»

«መንገዱን ያውቃል?»

«ሄዶ አያውቅም። እናቱም አታውቀውም፣ አያቱም። በፀደይ ከዚያ የተነሱት መንገድ ላይ ወልደው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም እንዲሁ።»

«ታዲያ ማን ይነግረዋል?»

«በፀሐይ ነው ይላሉ የሚያጠኑት። ግን ያንን ተራራ እንዴት እንደሚያውቀው ገና እየፈለጉ ነው። እኔም የምቆጥረው ለዚህ ነው።»

ክንፉ ሲደርቅ ጣቴን አስጠጋሁ። ወጣ። እግሮቹ ቆዳዬን ጨበጡት፤ ክብደት የለውም፣ መያዙ ግን ይሰማል። ትንሽ ቆየና ተነሳ። ቢልዲንጎቹን ዞረ፤ ከዚያ ሐይቁ ወደሚታይበት ወደ ደቡብ አቀና። እኔ እነዚያን ስድስቱን አሰብኩ። እነሱም መንገዱን ያውቁ ነበር።

አምስተኛው የወጣው ጳጉሜ ገብታ ነው። ያን ዕለት ሴትዮዋ ብዕሩን ሰጡኝ። በእጄ «አምስት ወጡ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጬ፣ «በሰው» የሚለው ላይ «በታከለ» ብዬ ስሜን ጨመርኩ። አልከለከሉኝም።

አሁን መደቤ ጫፍ ላይ ያንን ተክል አሳድጋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንቆጥራለን። ምንም ባላየንበት ቀን የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከእግሬ ሥር ዕድሜዬን ሙሉ ሲሠራ መኖሩን ሳስበው እስከ ዛሬ እደነቃለሁ፣ አፍራለሁም።

ይህን ልጽፍ ነው ስላቸው፣ «ስሜን ከጻፉ ስድስቱንም ይጻፉ» አሉኝ። ስድስቱን ጽፌያለሁ። ስማቸው ወይዘሮ አስካለ ነው።